የኮሌስትሮል ኪኒን ስኳር ይጨምራል ሲባል

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች የሚያነሡትን አንድ ጥያቄ እንመለከታለን። ሐኪም ለልብና ለደም ቧንቧ ጥበቃ ብሎ የሚያዝዘው የኮሌስትሮል ኪኒን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል ይባላል። ታዲያ ስኳሩን ለማውረድ ከምግቡም ከእንቅስቃሴውም ጋር ቀን ከሌት የሚታገል ሰው ይህን ኪኒን ለምን ይውጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወሬ ነው ተብሎ የሚታለፍም አይደለም፤ የተባለው ነገር እውነት ነውና። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2012 ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር በሚሰጠው ማብራሪያ ላይ የደም ስኳር ሊጨምር እንደሚችል እንዲጻፍ አድርጓል። (በዚህ ዝግጅት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ጭማሪው እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው፤ ኪኒኑ የሚከላከለው አደጋ ደግሞ ስኳር ያለበትን ሰው ከሁሉ በላይ የሚገድለው አደጋ ነው። ስለዚህ ስኳሩ በጥቂት ነጥብ ስለጨመረ ብቻ ኪኒኑን በራሱ ውሳኔ የሚያቆም ሰው ከማይመጣጠን ልውውጥ ውስጥ ይገባል። ይህን የምለው በማስረጃ ነውና ማስረጃውን አንድ በአንድ እንየው።

በቅድሚያ ስለ መድኃኒቱ ጥቂት ልበል። አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን በሚሉ ስሞች በየመድኃኒት ቤቱ የምናገኛቸው ኪኒኖች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የቤተሰቡ መነሻ ሻጋታ ነው። ጃፓናዊው ሳይንቲስት አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቶኪዮ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ 6000 የሚጠጉ የፈንገስ ዓይነቶችን ከመረመረ በኋላ ኮሌስትሮል እንዳይመረት የሚያግድ ንጥረ ነገር አገኘ። ከዚያ ሥራ በተከፈተው መንገድ የመጀመሪያው ስታቲን፣ ሎቫስታቲን፣ በ1987 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ተፈቀደ። አሠራሩን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፦ በደማችን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚያመርተው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ በዚህ ሥራም ጉበት ትልቅ ድርሻ አለው። ስታቲን ይህን ምርት ሲቀንሰው ጉበት የጎደለውን ለማሟላት ኤልዲኤል የሚባለውን፣ በተለምዶ መጥፎው ኮሌስትሮል የምንለውን፣ ከደም ውስጥ እየሳበ ያስገባል። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኤልዲኤል ሲቀንስ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ የሚጠራቀመው ቅባትም ይቀንሳል። ብዙ አድማጮች "እኔ እኮ ቅቤም ጮማም አልበላም፣ ጾሜንም እጾማለሁ፣ ኮሌስትሮል ከየት ይመጣብኛል?" ብለው ለሚጠይቁት መልሱ ከገበታው ውጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ምግብን መጠንቀቅ ይጠቅማል፤ ጉበት ግን ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ቢገባ ሥራውን አያቆምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ስኳርን የምንቆጣጠረው ለምንድን ነው? በመለኪያው ላይ የሚታየውን ቁጥር ለማሳመር አይደለም፤ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ነርቭን፣ እግርን፣ ልብንና አንጎልን ለማዳን ነው። እዚህ ላይ በየክሊኒኩ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት የማይነገር ልዩነት አለ። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር በይበልጥ የሚጎዳቸው ፀጉር የሚያካክሉት ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ናቸው፤ የዓይን ብርሃን መድከም፣ የኩላሊት መዳከም፣ የእግር መደንዘዝ ከዚያ ይመጣሉ። ልብንና አንጎልን የሚመግቡት ትላልቆቹ ቧንቧዎች ግን የሚጠብቡትና የሚዘጉት በስኳር ብቻ አይደለም፤ ኮሌስትሮል፣ የደም ግፊትና ሲጋራ በዚያ ላይ ትልቅ እጅ አላቸው። ስኳር ሕመም ደግሞ እነዚህ ሁሉ የሚያደርሱትን ጉዳት ያባብሰዋል። ልዩነቱ በጥናትም ታይቷል። በ1998 ውጤቱ የወጣው የእንግሊዞቹ ታላቅ የስኳር ሕመም ጥናት ስኳራቸው በጥብቅ ክትትል የተያዘላቸው ሰዎች በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ላይ የሚደርስባቸው ጉዳት በ25 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ይህ ትልቅ ድል ነው። የልብ ድንገተኛ ሕመም ግን በዚያው የጥናት ዘመን ውስጥ የቀነሰው በጥቂቱ ነበር፤ በልብ በኩል ግልጽ የሆነ ጥቅም የታየው ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት በፈጀ ክትትል ነው። በአሜሪካና በካናዳ አኮርድ በሚል ስም የተካሄደው ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚያስደነግጥ ውጤት በ2008 ይዞ መጣ። ለልብ ሕመም አደጋ የተጋለጡ 10251 የስኳር ሕመምተኞች ተሳትፈውበታል። ከፊሎቹ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ወደ ጤናማ ሰው ደረጃ እንዲወርድ በብዙ መድኃኒት ተገፋ፤ ቁጥሩም በርግጥ ወረደ፤ ወደ 6.4 በመቶ ደረሰ፣ የሌሎቹ 7.5 ላይ ሳለ። ነገር ግን ስኳራቸው በብርቱ ከወረደላቸው 257፣ ከሌሎቹ 203 ሰዎች ሞቱ፤ ያ የሕክምና ዘዴም ጊዜው ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ።

ይህን ስናገር ስኳርን መቆጣጠር ዋጋ የለውም ማለቴ እንዳልሆነ አደራ እላለሁ። ዓይኑንና ኩላሊቱን የሚወድ ሰው ስኳሩን ይቆጣጠር። የማስረጃው ትርጉም ሌላ ነው፦ አማካይ ስኳርን ከአንድ ሙሉ ነጥብ በላይ ማውረድ እንኳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልብን አላዳነም። ስለዚህ የልብንና የአንጎልን ጥበቃ በስኳር ቁጥር ብቻ መለካት አይቻልም። የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ከመሣሪያዎቹ አንዱና ዋነኛው ኤልዲኤልን ማውረድ ነው።

መሣሪያው ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ምን ያህል ሠራ? በ2003 ውጤቱ በታተመ የብሪታንያ ጥናት ውስጥ 5963 የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ። በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ በየቀኑ 40 ሚሊግራም ሲምቫስታቲን፣ ከፊሎቹ ደግሞ መልኩ እውነተኛውን የሚመስል፣ መድኃኒት ግን የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። አምስት ዓመት ገደማ ሲያልፍ ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት 100 ሰዎች ውስጥ 25ቱ የልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም ስትሮክ ገጥሟቸዋል፣ ወይም ለተዘጋ ቧንቧ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፤ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 100 ግን 20ዎቹ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2004፣ በብሪታንያና በአየርላንድ የተካሄደው ካርድስ የሚባለው ጥናት ውጤቱን አወጣ። ይህኛው 2838 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን፣ ከዚያ በፊት ልባቸውን ታመው የማያውቁ ሰዎችን የያዘ ሲሆን መድኃኒቱም ትንሽ መጠን ያለው፣ 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ነበር። ጥቅሙ ከተጠበቀው ቀድሞ ስለታየ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ቆመ፦ ዋና ዋና የልብና የደም ቧንቧ አደጋዎች በ37 በመቶ፣ ስትሮክ ለብቻው ሲታይ በ48 በመቶ ቀንሰዋል። ከ14 ጥናቶች የተሰበሰበ የ18686 የስኳር ሕመምተኞች መረጃ በ2008 ባንድ ላይ ሲተነተን ደግሞ ኤልዲኤል በአንድ ሚሊሞል፣ ማለትም በእኛ የላብራቶሪ ወረቀት አቆጣጠር 39 ሚሊግራም ያህል፣ በወረደ ቁጥር እነዚህ አደጋዎች በ21 በመቶ፣ በማንኛውም ምክንያት የሚደርስ ሞት ደግሞ በ9 በመቶ እንደሚቀንሱ ታየ። ይህ ማለት አንድ ሺህ የስኳር ሕመምተኞች አምስት ዓመት ኪኒኑን ቢወስዱ 42ቱ ከልብ ድንገተኛ ሕመም፣ ከስትሮክ ወይም ከመሰል አደጋ ይተርፋሉ ማለት ነው። ከአንድ ቀበሌ አርባ ሁለት አባወራና እማወራ ማለት ነውና ቁጥሩን ትንሽ አድርገን አንየው።

ወደ ስኳሩ እንመለስ። ጥርጣሬው ጎልቶ የወጣው በ2008 ጁፒተር ከሚባለው ጥናት ጋር ነው። 17802 ሰዎች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት ሮሱቫስታቲን የልብና የደም ቧንቧ አደጋን በ44 በመቶ ቀነሰ፤ ዳሩ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 270፣ ካልወሰዱት 216 ሰዎች ስኳር እንደ ጀመራቸው ተመዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ የ13 ጥናቶችና የ91140 ሰዎች መረጃ ተጠናቅሮ ሲታይ ስታቲን በስኳር የመያዝን ዕድል በ9 በመቶ እንደሚጨምር ተረጋገጠ፤ 255 ሰዎች አራት ዓመት ቢወስዱት አንድ ተጨማሪ ሰው ስኳር ይገኝበታል። ይህ ስኳር ለሌለው ሰው ነው። ስኳር ላለበት ሰውስ? ወደ 9700 የሚጠጉ የስኳር ሕመምተኞችን ያካተቱ ዘጠኝ ጥናቶች ተደምረው በ2014 ሲተነተኑ ስታቲን የወሰዱት የሦስት ወር አማካይ ስኳር ካልወሰዱት በ0.12 ነጥብ በልጦ ተገኘ። ይህችን ቁጥር ቆም ብለን እንያት። አማካይ ስኳሩ 8 በመቶ የነበረ ሰው 8.12 ይሆናል ማለት ነው። ሜትፎርሚን፣ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ርካሹ የስኳር ኪኒን፣ ይህንኑ መለኪያ ከአንድ ነጥብ ባላነሰ የማውረድ አቅም አለው። ስለዚህ ስታቲን የሚጨምረውን ትንሽ ስኳር በመድኃኒት ማስተካከያ፣ በጥቂት የእግር ጉዞ፣ ከሻይ ላይ በሚቀነስ ስኳር መመለስ ይቻላል። የተዘጋ የልብ ቧንቧን ወይም በስትሮክ የሞተ የአንጎል ክፍልን ግን እንዲህ በቀላሉ መመለስ አይቻልም። የክርክሬ እምብርት ይኸው አለመመጣጠን ነው።

ስታቲን ስኳርን ለምን ይጨምራል የሚለውም ተጠንቷል። መድኃኒቱ ኮሌስትሮል እንዳይመረት የሚያግደው አንድ ኢንዛይም ላይ አርፎ ነው። በተፈጥሯቸው ይህ ኢንዛይም በመጠኑ ደከም ያለባቸው ሰዎች አሉ፤ በ2015 የወጣ ትልቅ የዘር ጥናት እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን ሳይወስዱም ኤልዲኤላቸው ዝቅ፣ ክብደታቸውና በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ ጥቂት ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በተቃራኒው፣ በዘር በሚወረስ ችግር ኮሌስትሮላቸው ከልጅነት ጀምሮ እጅግ ከፍ የሚልባቸው ሰዎች በኔዘርላንድስ ሲጠኑ ከዘመዶቻቸው ይልቅ በስኳር የመያዛቸው ዕድል አንሶ ተገኝቷል። አንዱ ማብራሪያ ሴሎች ኮሌስትሮልን ወደ ውስጥ በብዛት ሲስቡ ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሴሎችም ከሥራቸው ትንሽ ይደክማሉ የሚል ነው። ለአድማጭ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ግን ሌላ ነው፦ ስኳሩን የሚጨምረው ኪኒኑ ውስጥ የተቀላቀለ ቆሻሻ ወይም የአንድ ፋብሪካ ጥፋት አይደለም፤ ኮሌስትሮልን የሚያወርደው ያው ሥራ ነው። ስለዚህ አገር ቀይሮ ወይም የፋብሪካ ስም መርጦ በመግዛት የሚመለጥ ነገር አይደለም፤ በውጭ አገር ያለ ዘመድ "የተሻለ" ተብሎ እንዲልክ የሚለመነው ስታቲንም ከዚህ አያመልጥም።

አሁን የሚነሡትን ተቃውሞዎች ልያዝ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ "ዘጠኝ በመቶ ብለሃል፤ ነገር ግን ጠንካራው መጠን 36 በመቶ ይጨምራል ሲባል ሰምተናል።" እውነት ነው። በ2024 ታትሞ የወጣው፣ የ19 ጥናቶችንና የ123940 ሰዎችን መረጃ ያጠናቀረው ትንተና ትንሽና መካከለኛ መጠን ያለው ስታቲን አዲስ የስኳር ሕመምን በ10 በመቶ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ደግሞ በ36 በመቶ እንደሚጨምር አግኝቷል። ግን 36 በመቶ የምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመካከለኛው መጠን በዓመት ከ100 ሰዎች 1.2 የነበረው 1.3 ሆነ፤ በከፍተኛው መጠን 3.5 የነበረው 4.8 ሆነ። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ደግሞ በስኳር ከተያዙት ተጨማሪ ሰዎች መካከል 62 በመቶ ያህሉ ከመጀመሪያውም ስኳራቸው ከፍ ብሎ ለመመርመሪያው መስመር የተጠጉ ነበሩ። መስመሩ ጾም አድረን ስንለካ 126 ነው፤ 124 ላይ የነበረ ሰው 127 ቢሆን "ስኳር ያዘው" ተብሎ ይመዘገባል፤ በሰውነቱ ውስጥ የተለወጠው ግን ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ያው ትንተና ቀድሞም ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የስኳር ቁጥጥር የመበላሸት ዕድል በመካከለኛው መጠን በ10፣ በከፍተኛው በ24 በመቶ እንደሚጨምር ጨምሮ አሳይቷል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ከፍተኛ መጠን የጀመረ ሰው ስኳሩን ቀረብ ብሎ እንዲከታተል ግን ግድ ይላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በጥናት የተደገፈ ነው። በ2021 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን የሕክምና መዝገብ በመመርመር የወጣ ጥናት ስታቲን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ካልወሰዱት ይልቅ ሕመማቸው እንደሚከብድ፣ ኢንሱሊን የመጀመር ዕድላቸውም ከፍ እንደሚል ዘግቧል። ጥናቱ በቁም ነገር መታየት ያለበት ነው። ሆኖም ሰዎቹ ኪኒኑን የጀመሩት በዕጣ ተመድበው ሳይሆን ሐኪም ስላዘዘላቸው ነው። ሐኪም ደግሞ ስታቲን የሚያዝዘው ይበልጥ ለታመመው፣ ክትትሉም ለበዛው ሰው ነው፤ አጥኚዎቹ ሁለቱን ወገኖች ለማመሳሰል ቢጥሩም ልዩነቱን ከመዝገብ ላይ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። በዕጣ የተመደቡት ጥናቶች የሚያሳዩት ጭማሪ ከዚያ ያነሰ ነው። ደግሞም ኢንሱሊን መጀመር ቀላል ባይሆንም እዚህ የምንመዝነው ከምን ጋር እንደሆነ አንርሳ፤ በሌላው ሚዛን ላይ ያለው ስትሮክና የልብ ሞት ነው።

"የኮሌስትሮል ምርመራዬ ደህና ነው ተብሏል፣ ለምን ኪኒን ይታዘዝልኛል?" የሚለው ሦስተኛው ነው። ካርድስ ለዚህ ጥሩ መልስ አለው፤ የተሳታፊዎቹ አማካይ ኤልዲኤል ወደ 117 ሚሊግራም ገደማ ነበር፤ በብዙ ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ይህ "ደህና" ተብሎ የሚነበብ ነው። እነርሱም ተጠቅመዋል። ለስኳር ሕመምተኛ ደህና የሚባለው መጠን ለሌላ ሰው ከሚባለው ዝቅ ያለ ነው፤ የዛሬዎቹ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 ለሆነ የስኳር ሕመምተኞች የመነሻ ኮሌስትሮላቸው ምንም ይሁን ምን ቢያንስ መካከለኛ መጠን ያለው ስታቲን እንዲሰጥ የሚመክሩት ከዚህ የተነሣ ነው። አብሽና ነጭ ሽንኩርት ይበቃናል የሚሉም አሉ። አብሽ ስኳርን በመጠኑ እንደሚያወርድ የሚጠቁሙ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ በምግብነቱም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የልብ ድንገተኛ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚቀንስ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠው ስታቲን ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ተቃውሞ አራተኛው ነው፦ "እነዚህ ጥናቶች በፈረንጆች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ለእኛ ለአፍሪካውያን ይሠራሉ ያለው ማን ነው?" ቅሬታው ፍትሐዊ ነው። ቀደም ያሉት ታላላቅ ጥናቶች በርግጥ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያተኮሩ ነበሩ፤ ይህ ጉድለት ዛሬም አልተሟላም። ሆኖም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ2016 በ21 አገሮች ውስጥ 12705 ሰዎችን ይዞ የተጠናቀቀው ሆፕ ሦስት የተባለው ጥናት አብዛኞቹ ተሳታፊዎቹ ነጮች አልነበሩም፤ 10 ሚሊግራም ሮሱቫስታቲን አደጋውን በ24 በመቶ ቀንሷል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ2023 ውጤቱ የወጣው፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ 7769 ሰዎችን የያዘው ሪፕሪቭ ነው። ዩጋንዳ፣ ቦትስዋና፣ ዚምባብዌና ደቡብ አፍሪካ ተሳትፈውበታል፤ ከተሳታፊዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ፒታቫስታቲን የተባለው ኪኒን ዋና ዋና የልብና የደም ቧንቧ አደጋዎችን በ35 በመቶ ቀነሰ። ስኳርስ? ኪኒኑን ከወሰዱት 5.3 በመቶ፣ ካልወሰዱት 4 በመቶ ሰዎች ስኳር ጀመራቸው። ፒታቫስታቲን ቀደም ሲል ስኳርን አይነካም ሲባልለት የነበረ ነው፤ እዚህ ግን እርሱም እንደ ወንድሞቹ ታየ። አፍሪካውያን በተሳተፉበት ጥናትም ጥቅሙና ጉዳቱ ከሌሎቹ ጥናቶች ጋር በአንድ አቅጣጫ ሄዷል ማለት ነው። ከዚህ የምወስደው ግንዛቤ ኪኒኑን እንጠራጠረው የሚል ሳይሆን በአገራችን ሕመምተኞች ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ይብዙ የሚል ነው።

የጡንቻ ሕመምን ጉዳይ ባጭሩ ልንካው፤ ኪኒኑን ለማቆም ከስኳር ይልቅ ይህን ምክንያት የሚያቀርቡ ብዙዎች ናቸውና። በብሪታንያ ሳምሶን የተባለ ትንሽ ግን ብልህ ጥናት ስታቲን አሞን አቆምን ያሉ 60 ሰዎችን ወስዶ እያፈራረቀ አንዳንዱን ወር እውነተኛውን፣ አንዳንዱን ወር ባዶውን ኪኒን ሰጣቸው፣ አንዳንዱን ወር ደግሞ ምንም ሳይሰጣቸው አሳለፈ። በእውነተኛው ኪኒን ጊዜ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በባዶውም ጊዜ ተሰማቸው። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ሕመሙም እውነተኛ ነበር፤ አብዛኛው የመጣው ግን ከሥጋቱ ነው። ሽንት እንደ ቡና አተላ እስኪጠቁር የሚደርስ ብርቱ የጡንቻ ሕመምና ድካም ግን ሌላ ነገር ነው፤ እምብዛም አይከሰትም፣ ከተከሰተ ግን ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ለጤና ባለሙያዎችም የምለው አለኝ። ሕመምተኛው ስለ ስኳሩ ጭማሪ የሚሰማው ከጎረቤት ወይም ከስልኩ ከሆነ ሐኪሙ የደበቀው ነገር ያለ ይመስለዋል፤ እምነቱም ያኔ ይሰበራል። ኪኒኑ በታዘዘበት ቀን "ስኳርዎ በጥቂቱ ከፍ ሊል ይችላል፣ ቢጨምርም እናስተካክለዋለን፣ ሳይነግሩኝ ግን አያቁሙ" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለእናት፣ ለአባት እንደሚነገረው ተረጋግቶ መንገር ነው። በወረፋ ብዛት የሚጨነቅ ባለሙያ ይህን ማድረግ እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ኪኒኑን በዝምታ አቁሞ ከዓመት በኋላ በስትሮክ የሚመጣ ሕመምተኛ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ ስታቲን ከመጀመር በፊት የስኳር መጠንን ለክቶ መመዝገብ፣ ከጀመሩ ከሦስት ወር በኋላም ደግሞ መለካት መልካም ነው፤ ጭማሪ ከታየም ኪኒኑ ነው ወይስ በመካከል የተለወጠ ምግብ፣ የተረሳ መድኃኒት፣ የተያዘ ኢንፌክሽን ነው የሚለውን ከሐኪም ጋር መለየት ይቻላል። የሦስት ወር አማካዩን የሚለካው ምርመራ በሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች ጾም አድሮ የሚለካው ስኳር፣ ባንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በተለያዩ ቀናት ሲታይ፣ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ስኳሩ በጣም ከጨመረ ሐኪሙ የስኳሩን መድኃኒት ሊያስተካክል፣ ወይም የስታቲኑን መጠን ዝቅ አድርጎ ስኳርን የማይነካውን ኢዘቲማይብ የተባለ ሌላ የኮሌስትሮል ኪኒን ሊጨምርበት ይችላል። በጾም ወቅት ስታቲንን ማቋረጥ አያስፈልግም፤ እንደ ኢንሱሊንና እንደ አንዳንዶቹ የስኳር ኪኒኖች ስኳርን በድንገት አያወርድምና። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳሉ፤ ሲምቫስታቲን ማታ ቢወሰድ ይሻላል። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች የስታቲንን መጠን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ስለሚያሳድጉ፣ የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ደግሞ የአንዳንዶቹን ኃይል ስለሚቀንስ፣ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ የኮሌስትሮል ኪኒን እንደሚወስዱ መናገር አይዘንጋ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እናት ግን ጉዳይዋ የተለየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስታቲን በእርግዝና ወቅት ይቆማል፤ ስለዚህ ስኳር ያለባት ወጣት ሴት ገና ስታስብ፣ ሳታረግዝ በፊት፣ ሐኪሟን ታማክር።